ሁለተኛው ቁልፍ

አንዱ ቁልፍ ከዶክተር ይስማው ኪስ ያድራል፣
ሁለተኛው ከኔ አንገት በክር ይንጠለጠላል።
ሁለቱ ሳይገጥሙ ካዝናው አፉን አይከፍት፤
እንዲህ ይላል ደንቡ፣ አንቀጽ ሦስት።
ውስጡ ሞርፊን ነው፣ በሚሊግራም የወረደ፤
ፈቃዱ ለአይጥ ነው፣ ለሰው አልተፈቀደ።

መዝገቡ ወፍራም ነው፣ ጀርባው በጨርቅ የተሰፋ፣
ገጹ የተቆጠረ፣ አንድ ቅጠል እንዳይጠፋ።
ቀን፣ ሰዓት፣ የገባ፣ የወጣ፣ የቀረ፣
ለየትኛዋ አይጥ፣ ስንት ነጥብ ተሰፈረ።
በእርሳስ አይጻፍበት፣ ፍቆ ማረም የለም፤
የሳተ አንድ መስመር ስቦ፣ ከጎኑ ይፈርም።
የተሰበረ ብልቃጥ ስባሪው ይመዘናል፤
ጠብታ ከጎደለ ሰው ይጠየቅበታል።

መስኮታችን ጣና ነው። ጉማሬ ሌሊት ይወጣል፣
የግቢውን ሣር ግጦ፣ ሳይፈርም ይመለሳል።
የሌሊት ዘበኛችን ጋሽ ቢያድግልኝ ያየዋል፤
«ሳይፈርም የገባ እሱ ብቻ ነው» ይለኛል።

ደንቡን እንደ ዳዊት ያስጠናኝ ኮሚቴ አይደለም፣
ልንገረው የሚባል ልጅ ነው፤ አሁን በሕይወት የለም።
ረዳት ነበር። እጁ ቀጭን፣ መርፌው አያሳምም።
ያኔ ካዝናው ባንድ ቁልፍ፣ መዝገቡም በእርሳስ ነበር፤
ከብልቃጡ ይቀዳል፣ ውኃ ይሞላል በስውር።
አይጦቹ ተወግተው ጩኸቱ ባሰባቸው፤
ሦስት ወር ተሟገትን፣ «ምንድን ነው የነካቸው?»
አንድ ማለዳ ደንገሉ ሥር፣ ጫማውን አውልቆ፣
ጋሽ ቢያድግልኝ አገኘው፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ደርቆ።
ካፖርቱን አለበሰው፤ አልጮኸም፣ አልተጣራ።
ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ፊርማ፣ ከዚያ ቀን ነው የተሠራ።

ዘንድሮ በሰኔ የሱ ተራ ደረሰ።
ጉሮሮ ነው አሉት፤ ወደ አጥንቱ ፈሰሰ።
የሕመም ማስታገሻው ከፋርማሲው አልቋል፤
«በሚቀጥለው ወር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።
ሚስቱ ውባለም መጣች፣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።
ስለ ዝናብ አወራን። ስለ ቁልፍ አልጠየቀች።
ዓይኗ ግን ክሩን ይዞ ወረደ ከአንገቴ፤
እንደ ፍም ተሰማኝ ያ ቁልፍ ከደረቴ።

ልንገረው እላለሁ፤ ይስማው እላለሁ ደግሞ፤
አንዱ ስም አፈር ውስጥ ነው፣ አንዱ ስም ከፊቴ ቆሞ።
ካዝናው አንድ ሰው ቢያለቅስ፣ ቢማጠን አይሰማም፤
ደንቡ ርኅራኄን ብቻዋን አያስገባም።

ልጠይቀው ሄድኩ። ግድግዳ ይዞ ተኝቷል፤
ድምፁ እንደ ወንፊት ነው፣ ቃል ያንጠባጥባል።
«አንቺ ልጅ፣ ቁልፍሽን…» አለኝ። ልቤ ቀጥ አለ።
«ቁልፍሽን ደብቂው፤ የውባለም ዓይን እዚያ ዋለ።
ያን ልጅ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ክብደቱን አውቃለሁ።
መዝገብሽ ከሚጎድል እኔ ልጩህ፤ እችላለሁ።»

ዘጠኝ ሌሊት ጮኸ። ጎረቤት ሬዲዮ ከፍ አደረገ።
በዐሥረኛው ተዘጋ። ከውኃው ጭጋግ ዐረገ።

ነሐሴ ላይ ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጣ፣
ጊዜው ያለፈበት ብልቃጥ ከካዝናው ወጣ።
ዐሥራ አንድ ነበሩ። ሁለታችን ከፈትን።
ባልዲ፣ አሸዋ፣ ኖራ። አንድ በአንድ ሰበርን።
ይስማው ቁጥር ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ «ፈሰሰ»፤
ሰውዬው ሰዓቱን ያያል፣ አውሮፕላኑ ደረሰ።
ስንት ሌሊት እንደሚሆን ባልዲው ውስጥ የቀረው
አሰላሁ፤ ግን ለሌሊት መዝገቡ ዓምድ የለው።

ቀሪ፦ ባዶ። ጉድለት፦ የለም። ፈረምኩ። ይስማውም ፈረመ፤
እጁ ተንቀጠቀጠና ስሙን አጣመመ።
ፍቆ ማረም የለም። አንድ መስመር ስቦ፣ ከጎኑ ደገመ።

ማታ አዲሱ ዘበኛ በሩ ላይ አስቆመኝ፤
«ስምሽን፣ የወጣሽበትን» ብሎ ብዕር ሰጠኝ።
ጻፍኩለት።
ከኋላው፣ ሣሩ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ነገር ይተነፍሳል።